ያኔ «አሜን» ያልነው ምኑን ነው?

ዛሬ የምናነሣት ቃል አንዲት ናት፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ከአልጋችሁ ሳትወርዱ ብላችኋታል። እሑድማ ስንት ጊዜ እንደምንላት የቆጠረ የለም። «አሜን» ናት።

ነገሩን የጀመረው አንድ ወጣት ነው። ቤታችን ወሎ ሰፈር ነው፤ ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፎቆች መካከል ከቀሩት ዝቅ ያሉ ቤቶች በአንዱ እንኖራለን። (በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ባልና ሚስቱን ነው። ሰባኪው አንዱ ቢሆንም ጸሎቱም ጥፋቱም የጋራ ነበር።) ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ዕድሜው ወደ ሃያ የተጠጋ የሰፈራችን ልጅ በር ላይ ጠበቀን። ሰላምታውን ሳያስረዝም ስልኩን አውጥቶ አጭር ቪዲዮ አሳየን። በቪዲዮው የሚናገረው ሰው፣ «አሜን» የግብፆች ጣዖት የአሞን ስም እንደ ሆነ፣ ክርስቲያኖችም ሳያውቁት በየጸሎታቸው መጨረሻ ያንን ጣዖት እንደሚጠሩ በሙሉ ልብ ያስረዳል።

«ፓስተር፣ እውነት ነው? እውነት ከሆነ እኔ ከእንግዲህ አልልም» አለን።

ይህ ልጅ ጉባኤው «አሜን» ሲል አፉን ዘግቶ እንደሚቆም ከዚያ በፊትም አስተውለን ነበር። ምክንያቱን ግን አልጠየቅነውም። አሁን ምክንያቱን ያገኘን መሰለንና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለን። ከሁለታችን አንዱ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ከወጣ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ቪዛ ጸልዩልኝ የሚል እንጂ ስለ ዕብራይስጥ የሚጠይቅ ሰው በዓመት አንድ አይገኝም። «ረቡዕ ማታ ቤት ና» አልነው። አቧራ የጠጣውንም መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አወረድነው።

የአሞን ነገር ብዙ አላስቸገረንም። አሞን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል፤ ኤርምያስ ምዕራፍ 46 ቁጥር 25 ላይ እግዚአብሔር ከፈርዖን ጋር የሚቀጣው የግብፅ አምላክ ሆኖ ይገኛል። ያው ነቢይ፣ በዚያው መጽሐፍ፣ በምዕራፍ 11 እና በምዕራፍ 28 በራሱ አፍ «አሜን» ይላል። የጣዖቱን ቅጣት የሚያውጅ ሰው ስሙን የጸሎቱ ማኅተም አያደርገውም። በዕብራይስጡ ሁለቱ ቃላት አጻጻፋቸው ይለያያል። ትርጉማቸውም አይገናኝም፤ የግብፁ ስም «የተሰወረው» እንደ ማለት ሲሆን የዕብራይስጡ ግን «የጸና» ማለት ነው። ድምፅ ተመሳሰለ ማለት ዘር ተዛመደ ማለት አይደለም። እኛስ በዓሉን «ገና» እንል የለም? «ገና ነው» ስንልስ ስለ በዓሉ ነው የምናወራው? ልጁ ሳቀ። የዚያን ቀን የሳቀው በዚህ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥሩ ገባን። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ጣፋጭ ነው።

የዕብራይስጡ ሥር አሌፍ፣ ሜም፣ ኑን ነው፤ በእኛ ፊደል አ-መ-ነ። እኛ «አመነ» ስንል አንድ ነገር በአእምሮ መቀበልን እናስባለን። የጥንቱ ቃል ግን ከአእምሮ ይልቅ ለክንድና ለትከሻ የቀረበ ነው፤ መደገፍ፣ መሸከም፣ እንዳይወድቅ አጽንቶ መያዝ ነው። በዘጸአት 17፣ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ አሮንና ሖር የሙሴን እጆች ከግራና ከቀኝ ደግፈው እስከ ፀሐይ ግባት አቆሙአቸው። እጆቹ ጸንተው ቆዩ ለማለት ዕብራይስጡ «ኤሙና» ይላል፤ በሌላ ቦታ «እምነት» ብለን የምንተረጉመው ቃል ነው። ሁለተኛ ነገሥት 18 ላይ ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ የሚከፍለው ቢያጣ የቤተ መቅደሱን ወርቅ ሲገፍፍ፣ ከመዝጊያዎቹ ጋር ወርቃቸው የተገፈፈው መቃኖች ስማቸው ከዚሁ ሥር ነው። ሣንቃውን ተሸክሞ የሚያቆመው መቃን «አማኝ» ነው እንደ ማለት።

ከሁሉ የገረመን ግን ሞግዚቷ ናት። ዕብራውያን ልጅ ታቅፋ የምታሳድግን ሴት «ኦሜኔት» ይሏታል፣ ወንዱን «ኦሜን»። ኑኃሚን የሩትን ልጅ በብብቷ ይዛ ስታሳድግ የተጠራችው በዚህ ስም ነው። መርዶክዮስ አባትና እናት የሌላትን አስቴርን ሲያሳድግም ቃሉ ይኸው ነው። ሙሴ በዘኍልቍ 11 ተማሮ፣ ይህን ሕዝብ የፀነስሁት እኔ ነኝን፣ እንደ ሞግዚት በብብቴ የምታቀፈው ብሎ ሲጮኽም እንደዚያው። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በአምስት ዓመቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ ሽባ ሆነ፤ ያቺ ሞግዚትም ኦሜኔት ናት። እሷን በሌላ ጊዜ እንመለስባታለን ብለን አለፍናት።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስንነግረው በደብተሩ ይጽፋል፣ አንዳንዴም ይጠይቃል። «ታዲያ አብርሃም አመነ ሲል ምን አደረገ ማለት ነው?» አለን። ዘፍጥረት 15 ላይ ያለው ግስ ከዚሁ ሥር ነው፤ አብርሃም ክብደቱን በእግዚአብሔር ላይ ጣለ፣ ተደገፈ ማለት ነው አልነው። ኢሳይያስ 7 ላይ ነቢዩ ለአካዝ ሲናገር አንዱን ግስ በሁለት መልክ እንደሚያነሣውም አሳየነው፦ ካልተደገፋችሁ አትቆሙም እንደ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ወደ አገራችን ገባን። ቃሉ ወደ እኛ የመጣው በአንድ በር ብቻ አይደለም። «አመነ» በግእዝም አለ፤ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። «ምእመን» ከዚያ ነው፣ «እሙን» ከዚያ ነው፣ እውነት ማለት የሆነው «አማን» ከዚያ ነው። «ሃይማኖት» ግን በእንግድነት የመጣ ቃል ነው። አራማውያን «ሃይማኑታ» ይሉታል፤ መነሻው ያው አ-መ-ነ ሆኖ የእነርሱን ልብስ ለብሶ ገባ። ቀደም ሲል እነ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት የመሳሰሉት ቃላት በሙሉ ከሶርያ በመጡ መነኮሳት አፍ የገቡ ይመስል ነበር። ፖሎትስኪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 የቃላቱን ቅርጽ መርምሮ ከመነኮሳቱ ቀድሞ ወደ ነበረ፣ አይሁድም ወደሚናገሩት አራማይክ ጠቆመ። በአፋን ኦሮሞም «አመኑ» ማመን ነው፣ «አመንቲ» ሃይማኖት ነው። እንግዲህ ይህች ሥር በዚህ አገር ስንት ቤት እንደ ገባች አስቡት።

የአማርኛችንም ድርሻ አለ። ችሎት ገብታችሁ ታውቁ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ተከሳሹን «የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» ይለዋል። «አመነ» ማለት እዚያ ጥፋቱን ተቀበለ ማለት ነው። ተከሳሹ ያመነው አንድን ትምህርት ሳይሆን «አዎን፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት» የሚለውን ነው። ይህን ለልጁ የነገርነው እንደ ቀልድ ነበር።

«አሜን» ራሷ በመጽሐፍ ቅዱስ አጀማመሯ ኮስታራ ናት። ዘኍልቍ 5 ላይ በባሏ የተጠረጠረች ሴት ካህኑ እርግማን ያለበትን መሐላ ሲያነብባት ሁለት ጊዜ «አሜን» ትላለች። ዘዳግም 27 ላይ ሌዋውያን 12 እርግማን ያነብባሉ፤ ሕዝቡ በእያንዳንዱ ላይ «አሜን» ይላል። ከ12ቱ አንዱ የመጻተኛን፣ የሙት ልጅንና የመበለትን ፍርድ በሚያጣምም ላይ የወረደ ነው። «አሜን» ያለ ሰው እንግዲህ «እንዲህ ባደርግ በእኔ ይድረስ» ብሎ ፈረመ። በነህምያ 5 ደግሞ ባለ ጠጎቹ ከድኆች የወሰዱትን እርሻና ቤት እንዲመልሱ ማሉ፤ ጉባኤው «አሜን» አለ፤ ቀጥሎም እንደ ቃላቸው አደረጉ ተብሎ ተጻፈ። እኛ እሑድ እሑድ የምንሰማው «አሜን በሉ እስኪ! ይህ አሜን ቀዝቅዟል፣ ሞቅ ይበል!» ከዚህ ጋር ምኑ ይገናኛል? ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ከመድረክ ብለነዋል፣ ደጋግመን።

ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲተረጉሙ በአብዛኛው ቃሏን አላስቀሯትም፤ «ይሁን» ብለው ለወጧት። የግእዙ መዝሙረ ዳዊት እነርሱን ተከትሎ «ለይኩን» ይላል። «ይሁን» ጥሩ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። አማርኛችን ውስጥ «ይሁን እስቲ» ስንል ከንፈራችንን እየመጠጥን ነው። ዕብራይስጧ «አሜን» ከምኞት በላይ ነች፤ «ጽኑ ነው፣ እኔም ከሥሩ እቆማለሁ» ትላለች። ስለዚህ ይመስለናል አዲስ ኪዳን ቃሏን ሳይተረጉማት የወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ግሪኩም፣ ላቲኑም፣ ሱርስጡም፣ ግእዙም እንዳለች ይዟታል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሮም ላይ ስለ ክርስቲያኖች ጉባኤ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲጽፍ፣ መሪው ጸልዮ ሲጨርስ ሕዝቡ ሁሉ «አሜን» እንደሚል ገልጾ የዕብራይስጥ ቃል መሆኑን ያስረዳል።

ጌታችን ኢየሱስ ግን ከሁሉ የተለየ ነገር አደረገ። ሰው ሁሉ «አሜን» የሚለው ሌላው ከተናገረ በኋላ ነው፤ እርሱ ከመናገሩ በፊት አስቀደማት። በዮሐንስ ወንጌል 25 ጊዜ «እውነት እውነት» ተብሎ የተተረጎመልን በግሪኩ «አሜን አሜን» ነው፤ በግእዙ «አማን አማን»። ለሌላው ቃል የሚቆመው ሰሚው ነው፤ ለእርሱ ቃል የሚቆመው ራሱ ነው። በራእይ 3፥14 ስሙ «አሜን» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ልጁ ይህን ሲሰማ እርሳሱን አስቀምጦ ዝም አለ። እኛ የተነካ መሰለን። ተነክቶ ነበር፣ እኛ ባሰብነው መንገድ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ረቡዕ መብራት ጠፋ። ከጎረቤታችን ቤት የቡና ጭስ ይሸታልና ወደዚያ ተሻገርን። ጎረቤታችን የሰባ ዓመት እናት ናቸው፤ ከወሎ የመጡ፣ አምስት ወቅት የማያቋርጡ ሙስሊም። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። እሳቸው ቤት ቡና ሲፈላ መጀመሪያ ምርቃት አለ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው አገሩን፣ መንገደኛውን፣ በሽተኛውን ይመርቃሉ። እሳቸው «አሚን» ይላሉ፣ እኛ «አሜን» እንላለን። ለዓመታት አብረን ስንል ኖረናል፣ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ያነሣነው ግን ያን ማታ ነው። ሙስሊሞች ከፋቲሃ በኋላ «አሚን» ይላሉ፤ ቃሉ ከምዕራፉ ውስጥ አይደለም፣ የሰሚው መልስ ነው። «ኢማን» እምነት ነው፣ «ሙእሚን» አማኝ ነው፣ «አሚን» ታማኝ ነው፣ «አማና» ደግሞ አደራ ነው። ሥሩ አንድ ነው አልናቸው። «ታዲያ ምን ኖሯል፣ አንድ አይደል» አሉ ሲኒውን እያቀበሉን፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም።

እኛ ግን ገና አልጠገብንም። የአይሁድ መምህራን በተልሙድ ስለ «አሜን» ያወጡትን ሕግ መተረክ ጀመርን። በእስክንድርያ የነበረው ምኩራብ ከትልቀቱ የተነሣ የመሪው ድምፅ ከኋላ አይሰማም ነበርና፣ አገልጋዩ ጨርቅ ሲያውለበልብ ሕዝቡ «አሜን» ይል ነበር። መምህራኑ የተነጠቀ፣ የተቆረጠና የሙት ልጅ የሆነ «አሜን» አትበሉ ይላሉ። ምርቃቱን ሳይሰማ፣ ምን ላይ እንደሚመልስ ሳያውቅ የሚባለውን «አሜን የቶማ» ብለውታል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 የሚጸለየውን ያልተረዳ ሰው እንዴት «አሜን» ይላል ብሎ ይጠይቃል። «የቶማ» በዐረብኛ ...» ስንል እማማ ቀድመውን «የቲም» አሉ። ልጁን ጭንቅላቱን እየዳበሱ፣ «እንደዚህ እንደኔው ልጅ» አሉ።

ያኔ ነው ልጁ የተናገረው። አላለቀሰም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ፓስተር፣ የአሞኑን ነገር እኮ አላመንኩትም ነበር። ሌላ ነገር ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው። እናቴ ሆስፒታል ሆና ያኔ ‹አሜን› ያልነው ምኑን ነው?»

እናቱ የሞተችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አባቱ ቀድሞ አልፏል። ልጁ የ14 ዓመት ነበር። ከጉባኤያችን ስድስት ሰው ሆነን አልጋዋን ከበብን፤ እማማም አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጥተው ነበርና አብረው ቆሙ። እኛ «አትሞቺም፣ በሕይወት ትኖሪያለሽ» ብለን አወጅን። ሁሉም «አሜን» አለ፤ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ልጁ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ እጃችንን ይዛ «ልጄን አደራ» አለችን። ይህን ከጻፍን በኋላ ብዙ ቀን አስቀመጥነው፤ መጻፍ ግን አለብን። እኛ «እሺ» አላልናትም። «እሺ» ማለት ሞቷን መቀበል መሰለን፣ እምነት ማጣት መሰለን። ስለዚህ ሁለታችንም ጮኽ ብለን «አሜን!» አልን። የአደራውን ቃል በ«አሜን» ሸፈንነው። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ቀብሩን መርተን፣ ሦስት ቀን ድንኳን ተቀምጠን፣ ወደ ኮንፈረንሳችን ተመለስን። ልጁን እሑድ እሑድ እናየዋለን፣ ሰላም እንለዋለን።

እማማ በዚያ አልጋ አጠገብ «አሚን» ብለው ነበር። ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ልጁን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ገበታ አቀረቡት፤ አምስት ዓመት አልተነሣም። ለምን እንዳደረጉት ያን ማታ ስንጠይቃቸው ግር አላቸው። «አማና ነው ብላ የለ እንዴ? ሰምቻለኋ» አሉን። ወደ ልጁም ዞረው «አብሽር» አሉት።

ከእኛ ሰው ወገን ማንም አልከሰሰንም። ልጁም እማማም ጣታቸውን አልቀሰሩብንም። የእምነት ክህደት ቃላችንን ሰጠን ብንል ይሻላል፤ እዚያው ቡናው ፊት አመንን። «ያኔ ‹አሜን› ያልነው የራሳችንን ምኞት ነው፤ እግዚአብሔር ያልተናገረውን በስሙ ተናገርን። የእናትህን ቃል ግን ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን» አልነው። ኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ በሁለት ዓመት የቤተ መቅደሱ ዕቃ ይመለሳል ብሎ ሲተነብይ፣ ኤርምያስ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ይላል፤ እርሱም ይወድ ነበራ። ግን ምኞቱን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አልቀላቀለም፤ በዚያው ትንፋሽ ትንቢት የሚታወቀው ሲፈጸም ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰብከንበታል። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ዛሬም ለታመመ እንጸልያለን፣ በዘይትም እንቀባለን። ለታመመው ሰው አልጋ የምናመጣውን ቃል ግን አሁን ቀስ ብለን እንመርጣለን። የታመመው «አደራ» ካለንም ወረቀት አውጥተን ምን እንዳለ እንጽፋለን። ይህ እምነት ማነስ የሚመስለው ወንድም በጉባኤያችን አለ፤ ነግሮናልም።

ልጁ የሰጠን መልስ «የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ» የሚል ብቻ ነበር። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፤ ተረቱን ግን ለእኛ እንደ ተረተ ገብቶናል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ቆይቶ ሥራ አገኘ፤ በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ዋስ ያስፈልገዋል፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። እማማ «እኔ እሆናለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተው ነበር፤ ደመወዝ እንደሌላቸው ሲነገራቸው ተናደዱ። የመጋቢው ደመወዝ ለብቻው አልበቃም፤ ሚስትየው አስተማሪ ስለሆነች ሁለት ደብዳቤ ይዘን አብረን ሄድን። የሱቁ ጸሐፊ ቅጹን ስትሞላ «ዝምድና» የሚለው መስመር ላይ ደርሳ ቀና አለች።

«ምኑ ናችሁ?»

ልጁ አየን፣ እኛም አየነው። «አደራ ተቀባይ የሚል አለ?» አልናት።

«የለም፤ የሥጋ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት ነው ያለው።»

«ጎረቤት በይን» አልናት፤ ጻፈች፣ ፈረምን። ከዋስትናው ውል አንዱን ቅጂ ሰጠችን፤ ሌላውን ልጁ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ በተለመደው ቦታው ተቀመጠ። ጉባኤው «አሜን» ሲል አሁንም አፉን ዘግቶ ነበር።